ስለ ሴጋ፣ ስለ ፖርንና ስለ ንስሐ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይ ግቢ ጉባኤ ያገለገለ ሰው ያውቀዋል፣ "ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጻፉ" ሲባል ስም ሳይጻፍባቸው ተጣጥፈው ከሚመጡት ውስጥ አንዱ የግድ ስለ ሴጋ (ግለ ወሲብ) ነው። ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ሞጣም፣ እንጅባራም ያው ነው። ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ያለው ሰው ወረቀቱን አየት ያደርግና "ይሄን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ" ብሎ ያልፈዋል፣ ልጁም ጥያቄውን እንደያዘ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። እዚህ ሳናልፍ እንመልሳለን። መልሱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ትምህርት የተከተለ ነው፣ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች የሚሉት ደግሞ ታች ለብቻው አለ።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሴጋ ኃጢአት ነው የሚል የት ጋ ነው ያለው?

በስሙ ጠርቶ "ይሄን አታድርግ" የሚል ጥቅስ የለም፣ አለ ብሎ የሚነግርህ ሰው ካለ ጥቅሱን አሳየኝ በለው። ግን በስሙ ስላልተጠራ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 5፥28 ወደ ሴት አይቶ የተመኛት በልቡ አመንዝሯል ሲል ነገሩን ከእጅና ከአልጋ አንስቶ ልብ ውስጥ ነው ያስገባው፣ ሴጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምኞት፣ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቪዲዮ አይሆንም፣ ስለዚህ አባቶች ከዝሙት ወገን ነው የሚቆጥሩት። ቅዱስ ጳውሎስም 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፣ የራሳችሁ አይደላችሁም፣ በዋጋ ተገዝታችኋል ይላል። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ይሄ ጥቅስ ነው፣ ምክንያቱም ስለ ቅጣት አይደለም የሚያወራው፣ ስለ ክብርህ ነው። ጥምቀትና ሜሮን የተቀበለ ሰውነት፣ ቅዱስ ቁርባን የገባበት ሰውነት፣ ስትፈልግ አውጥተህ የምትጫወትበት ዕቃ አይደለም ነው ነገሩ።

ሌላው፣ እግዚአብሔር ሩካቤን የሰጠው ለሁለት ሰው ነው፣ ራስን ለሌላ ለመስጠት፣ ሁለቱ አንድ ሥጋ እንዲሆኑ። ሴጋ ላይ ግን የምትሰጠው ሰው የለም፣ ደስታው ብቻ ተነጥሎ ይወሰዳል። ኃጢአትነቱ እዚህ ጋ ነው ያለው እንጂ ሥጋ ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ሥጋ ርኩስ ነው የሚል ትምህርት የኛ አይደለም፣ ቃል ሥጋ ሆነ ብለን እያመንን ሥጋን መናቅ አንችልም።

የአውናን ታሪክስ? እሱ የተቀሰፈው በዚህ ምክንያት አይደል?

ዘፍጥረት 38 ነው። የይሁዳ ልጅ አውናን የሞተ ወንድሙን ሚስት ትዕማርን አገባ፣ ልማዱ ለወንድሙ ዘር እንዲያቆም ነበር፣ እሱ ግን ልጁ የኔ አይባልም ብሎ ዘሩን በምድር አፈሰሰ። ሲጀመር ከሴት ጋር ሆኖ ያደረገው ስለሆነ ሴጋ አይደለም፣ ዋና ጥፋቱም ወንድሙንና ትዕማርን መካዱ ነው። ዘርን ማባከኑንም ነቅፈው የጻፉ አባቶች አሉ፣ ልክ ናቸው፣ ግን ለአንድ የ15 ዓመት ልጅ "አውናን ሞቷል አንተም ትሞታለህ" ብሎ ማስፈራራት ታሪኩን ያላነበበ ሰው ሥራ ነው።

ማንንም አልጎዳሁም፣ ከማንም ጋር አልተኛሁም፣ ከዝሙት አይሻልም ወይ?

አዎ፣ ሰው አላታለልክም፣ አላስረገዝክም፣ በሽታ አላስተላለፍክም፣ ይሄን የንስሐ አባትም ይለዩታል። ግን "ይሻላል" እና "ጥሩ ነው" አንድ አይደሉም፣ ደግሞም ማንንም አልጎዳሁም የሚለውን ነገር እስኪ ረጋ ብለህ እየው፣ ፖርን ላይ ያሉት ልጆች ሰው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ተገደው ወይ ተሸጠው የገቡ ናቸው። ክፍልህ ያለችውን ልጅ ማታ ማታ በሐሳብህ እየተጠቀምክባት ጠዋት "እህቴ" ብለህ ስትጨብጣት ዓይኗን ማየት የሚያስቸግርህ ለምን ይመስልሃል። ራስህንም ቢሆን ትጎዳለህ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥12 "በእኔ ላይ ምንም ነገር አይሠለጥንብኝም" ይላል፣ ብዙ ልጆች ደግሞ የሚያለቅሱት በትክክል ስለ ሠለጠነባቸው ነው።

ሕልመ ሌሊት (ዝንየት) መታኝ፣ ኃጢአት ሠራሁ ማለት ነው? ቤተ ክርስቲያን መግባትስ?

አይደለም። ተኝተህ የሆነ የተፈጥሮ ነገር ኃጢአት አይባልም። አባ ሰላማን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሙን ለሚባል መነኩሴ በጻፈው ደብዳቤ ይሄን ጉዳይ አንስቶ፣ ከሥጋ በተፈጥሮ የሚወጣ ነገር ከአፍንጫና ከአፍ እንደሚወጣው ነው፣ ኃጢአትነት የለውም፣ ሥጋን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ መልሷል። የኛ ሥርዓት ግን ለቅድስናው ክብር ሲባል በዚያ ቀን ተጣጥቦ፣ ቤተ መቅደስ ከመግባትና ከመቁረብ መቆጠብን ያዛል፣ ኦሪቱም (ዘሌዋውያን 15፥16) ገላውን ይታጠብ፣ እስከ ማታ ይቆይ ይላል። ይሄ አክብሮት ነው እንጂ ቅጣት አይደለም። በአጸዱ ቆመህ ማስቀደስ፣ ቤትህ መጸለይ፣ ውዳሴ ማርያምህን መድገም ማንም አይከለክልህም። ማታ ፖርን ሲያዩ አምሽቶ በሕልም መምታት ግን ያው ምክንያቱን ራስህ ታውቀዋለህ፣ እሱን ማታውን ያየኸውን ነው የምትናዘዘው።

ሴጋ መካን ያደርጋል፣ ዓይን ያደክማል፣ ብጉር ያወጣል፣ ያሳብዳል ይባላል። እውነት ነው?

ሐሰት ነው፣ አንዱም ልክ አይደለም። ይሄ ወሬ አውሮፓ ውስጥ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጣም የተስፋፋ ሲሆን ቲሶ የሚባል የስዊዝ ሐኪም በ1760 በጻፈው ነገር የሕክምና መልክ ይዞ ዓለምን አዳረሰ፣ ዛሬ ሕክምናው ከተወው ስንት ዘመኑ። ሰው እንዲተው ብሎ መዋሸት ደግሞ ራሱ ኃጢአት ነው። ልጁ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ወይ ጎግል አድርጎ ውሸት መሆኑን ሲያውቅ "ሌላውም የነገሩኝ እንደዚሁ ይሆናል" ብሎ ወንጌሉንም አብሮ ይጥለዋል፣ ይሄ ሲሆን አይተናል።

ሱስ መሆን ግን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር) ለ6 ወርና ከዚያ በላይ መቆጣጠር ያቃተው፣ ትምህርትን፣ ሥራን፣ ቤተሰብን የሚያናጋ የወሲብ ባሕርይን እንደ ችግር መዝግቦታል። እዚያው ላይ ግን "ኃጢአት ነው ብዬ ስለማስብ ተጨንቄያለሁ" የሚለው ብቻውን በሽታ አያሰኝም ይላል፣ ስለዚህ አንድ ሳምንት ወድቀህ ሱሰኛ ነኝ ብለህ ራስህን አትፈርጅ። ክላስ እየቀረህ፣ እንቅልፍ እያጣህ፣ ሰው እየሸሸህ ከሆነ ግን ከንስሐ አባትህ ጋር የሥነ ልቦና ባለሙያም አማክር፣ ሁለቱ አይጣሉም።

የንስሐ አባቴ የቤታችን ቄስ ናቸው፣ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ጠላ የሚጠጡ፣ ስወለድ ጀምሮ የሚያውቁኝ። እንዴት ብዬ ነው ይሄን የምነግራቸው?

በጣም ከሚደጋገሙት ሁሉ ይሄ ነው የሚከብደው። ገጠር ያለ ቤት ሁሉ የነፍስ አባት አለው፣ እሳቸው ልጁን አጥምቀዋል፣ ቤቱን ጸበል ይረጫሉ፣ ማኅበሩ ላይ ይባርካሉ፣ ሙት ሲኖር ፍትሐት ያደርሳሉ፣ አባት ልጁ ሲያጠፋ "ለቄሱ እነግርልሃለሁ" ይለዋል። እንግዲህ ለእኚህ ሰው ነው ልጁ ሂድና ማታ ማታ ስልክህ ላይ ምን እንደምታይ ተናገር የሚባለው። ብዙው ልጅ ምን ያደርጋል፣ ሄዶ "ዋሽቻለሁ፣ ተሳድቤያለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ" ብሎ ዋናውን ትቶ ይመለሳል፣ ከዚያ "ደብቄ ነው የተናዘዝኩት" ብሎ ከቁርባን ይቀራል፣ ከቁርባን ሲቀር ከማስቀደስ ይቀራል፣ ቀስ እያለ ከነጭራሹ ይጠፋል። ከሴጋው ይልቅ ልጆቹን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣቸው ይሄ መደበቅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ የኛ ሰዎች።

እና ምን ታደርጋለህ። አንደኛ፣ ካህን የንስሐ ምሥጢር ማውጣት አይችልም፣ ለአባትህም ለእናትህም፣ ቢያወጡ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው እንጂ አንተ አይደለህም። ሁለተኛ፣ ደግሞ አንተ የመጀመሪያው እንዳይመስልህ፣ 30 ዓመት በክህነት የኖሩ አባት ያልሰሙት ኃጢአት የለም፣ ነፍስ ማጥፋትም ሰምተዋል፣ ደም የተቃቡም አስታርቀዋል። ሦስተኛ፣ ረጅም ታሪክ አይጠበቅብህም። "አባቴ፣ ግለ ወሲብ እፈጽማለሁ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ሆኖኛል፣ ምስልም አያለሁ" በቃ፣ ዝርዝሩን ማውራት አያስፈልግም፣ እንደውም ባይዘረዘር ይመረጣል። ፊት ለፊት መናገር ካቃተህ ጽፈህ ስጣቸው፣ አንብበው ይቀድዱታል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ አሁንም ካልቻልክ፣ ለትምህርት ወይ ለሥራ ከቤት ርቀህ ያለህ ሰው ከሆንክ፣ ባለህበት ከተማ ሌላ የንስሐ አባት መያዝ ትችላለህ፣ ግን ሥርዓቱ ሳይናገሩ መቀየርን አይወድምና ለቀድሞው "አባቴ ራቅ ስላልኩ እዚያው የሚከታተለኝ አባት ልያዝ፣ ይፍቱኝ" ብለህ ተሰናበት። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ርቀሃል።

ምን ዓይነት ቀኖና ይሰጠኛል? በጣም ያስፈራል?

ቀኖና እንደ ሰው ነው፣ ለአንዱ ስግደት፣ ለአንዱ ጾም፣ ለአንዱ መዝሙረ ዳዊት፣ ለአንዱ ምጽዋት፣ አቅምህ ታይቶ ነው የሚሰጥህ፣ ጨጓራ ያለበትን ሰው በጾም አይገሉትም። ንጽጽር ከፈለግክ፣ በምሥራቅ ኦርቶዶክሶች ዘንድ በ595 ባረፈው በቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በዮሐንስ ጿሚ ስም የሚጠራ ቀኖና አለ፣ ለዚህ ኃጢአት 40 ቀን ደረቅ ምግብ ብቻ እየበሉ በየቀኑ 100 ስግደት ይላል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና አይደለም፣ ያነሳሁት ግን ለምን መሰለህ፣ በጾመኛነቱ ስም የወጣለት ጥብቅ አባት እንኳን 40 ቀን ነው ያለው፣ ዕድሜ ልክ አላለም። አንተ ግን ራስህ ላይ የዕድሜ ልክ ፈርደህ ቁጭ ብለሃል።

ተናዝዤ፣ ቀኖናዬን ጨርሼ፣ ቆርቤ፣ እንደገና ወደቅሁ። እግዚአብሔርን እያሾፍኩበት አይደል? ከዚህ በኋላ ምን ፊት አለኝ?

ማሾፍ ማለት "ነገ እናዘዛለሁ፣ ዛሬ ልሥራ" ብሎ አስቦበት መግባት ነው። ታግሎ መውደቅ ሌላ ነው። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል ይነሣማል ይላል፣ ልብ በል፣ የወደቀውን ሰው ጻድቅ ብሎ ነው የጠራው።

ሙሴ ጸሊምን ታውቀዋለህ፣ ሽፍታ የነበረ፣ ኋላ ግብጽ በረሃ አስቄጥስ መንኩሶ የከበረ፣ ሰኔ 24 የምናስበው። የዝሙት ጾር (ፈተና) እንዲህ ጠንቶበት በበዓቱ፣ በብቻ ማደሪያው፣ መቀመጥ አቅቶት ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ አልተቆጣውም፣ ሰገነት ላይ አውጥቶ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ እይ አለው፣ አጋንንት ሊዋጉት ተሰልፈው አየ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ እይ አለው፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው መላእክት አየ፣ "ከኛ ጋር ያሉት ይበዛሉ" ብሎ ወደ በዓቱ መለሰው። አየህ፣ ሙሴ ጾሩ የተነሣበት ከመነኮሰ በኋላ ነው እንጂ በሽፍትነቱ ዘመን አይደለም። ቀድሞ በዝሙት የኖረችው ማርያም ግብፃዊትም ለአባ ዞሲማስ የነገረችው በረሃ ከገባች በኋላ 17 ዓመት ሙሉ ከምኞቷ ጋር እንደ አውሬ እንደታገለች ነው። 17 ዓመት! አንተ ፍልሰታን ጾመህ መስከረም ላይ ስለወደቅክ አይሆንልኝም ትላለህ።

ሰይጣን የሚፈልገው መውደቅህን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ከወደቅክ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው አጥብቆ የሚፈልገው። "አሁን በዚህ ሰውነትህ ልትጸልይ ነው?" የሚልህ ድምፅ አለ፣ እሱን አትስማ። እዚያው፣ በወደቅክበት ሌሊት፣ ተነስተህ ታጠብና መዝሙር 50ን አድርስ፣ "አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ"። ዳዊት ያንን የጸለየው አመንዝሮ፣ ሰውም አስገድሎ ነው። ከዚያ ተኛ፣ ጠዋት ለአባትህ ደውል። ስንት ቀን ቆየሁ ብሎ መቁጠር አንዳንዶችን ይረዳል፣ አንዳንዶችን ግን 40 ቀን ቆይተው ሲወድቁ ሁሉም ነገር ዜሮ የገባ ይመስላቸዋል፣ እንደዚያ ካደረገህ መቁጠሩን ተወው።

መንፈስ ነው ይሉኛል። ጸበል ልግባ?

ሰይጣን በዝሙት እንደሚዋጋ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፣ ጸበሉም መልካም ነው፣ ግሽ ዓባይም ሂድ፣ አጠገብህ ያለው ደብርም ይበቃል። የሚያሳዝነኝ ግን አንዳንዱ ሰው "መንፈስ ነው" የሚለውን ከራሱ ላይ ኃላፊነቱን ለማውረድ ሲጠቀምበት ነው፣ ጸበል ተጠምቆ ሲመለስ መኪና ውስጥ ያንኑ የቴሌግራም ቻናል ይከፍታል። ለማንም ያልታወቀ ሰው "ዛር አለብሽ፣ ዓይነ ጥላ አለብሽ" ብሎ ለብቻ ሊያጠምቅሽ፣ ገላሽን ሊዳስስ፣ ብር ሊቀበልሽ ከጠየቀ ግን እታለም ውጪለት፣ ሂጂ፣ ለደብሩ አለቃ ተናገሪ።

ፖርን ማየት ማቆም አልቻልኩም። መንፈሳዊ ምክሩን ሰምቻለሁ፣ ተግባሩን ንገሩኝ።

ተግባሩ መሸሽ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ከብዙ ነገር ጋር ታገሉ ብሏል፣ ዝሙት ላይ ሲደርስ ግን "ሽሹ" ነው ያለው፣ ዮሴፍም የጲጥፋራን ሚስት ቁጭ ብሎ አልመከራትም፣ ልብሱን ጥሎላት ሮጠ። አሁን የሚሸሸው ደግሞ ስልክ ነው። ከገጠር መጥቶ ደብረ ማርቆስ ወይ ሞጣ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማር የ16 ዓመት ልጅ አስበው፣ ቤተሰቡ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ስንቅ ያቀብሉታል፣ ከዚያ ውጪ ብቻውን ነው፣ ማታ ከርካሹ የሌሊት ፓኬጅ ጋር ይተኛል። ይሄ ልጅ ጠንካራ ስላልሆነ አይደለም የሚወድቀው፣ ማንም እዚያ ቦታ ቢቀመጥ ይቸገራል።

ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ አትግዛ። ስልኩ አልጋ ላይ አይደር፣ ከተቻለ አከራዮቹ ዘንድ ወይ ጓደኛህ ዘንድ ይደር፣ ለማንቂያ የሚሆን ሰዓት ገበያ ላይ በርካሽ አለ። ቻናሎቹንና ግሩፖቹን ዛሬ ውጣ፣ "ዝም ብዬ አላያቸውም" አትበል። ቲክቶክ ላይ የሚያስቸግርህን ገጽ ሁሉ ብሎክ አድርግ፣ አፑ ራሱ የሚያስቸግርህ ከሆነ አጥፋው። የምትወድቅበትን ሰዓት እወቀው፣ አብዛኛው ሰው ከሌሊቱ 5 እስከ 8 ባለው፣ ወይ እሑድ ከሰዓት ሥራ ፈትቶ ሲጋደም፣ ወይ ፈተና ሲደርስ በስትረስ ነው የሚወድቀው። ዳዊትም የወደቀው ሌሎቹ ዘመቻ ላይ ሆነው እሱ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ጋ ሁን፣ ሩጥ፣ ኳስ ተጫወት፣ እንጨት ፍለጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ከሆንክ ላይብረሪ ውረድ። ጾም ላይ ደግሞ በልክ ብላ፣ ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ጾመህ ከዚያ ሆድህ እስኪወጠር ከበላህ ሥጋው መልሶ ይነሣብሃል፣ አባቶች ስለ ሆድና ስለ ዝሙት አብረው የሚናገሩት በዚህ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ይወቅልህ፣ ከንስሐ አባትህ ሌላ። ምሥጢር የሚይዝ ወንድም፣ ማታ ጾሩ ሲነሣብህ "ጸልይልኝ" ብለህ የምትጽፍለት። ሴት ከሆንሽ ሴት ትሁንልሽ።

እኔ ሴት ነኝ። ይሄ ነገር ሁሌ ስለ ወንዶች ነው የሚወራው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ ወይስ ሌላም ሴት አለች?

ብቻሽን አይደለሽም፣ ከሚመጡት ወረቀቶች ብዙዎቹ የሴት ናቸው። እንደውም ሴቶቹ የበለጠ ይጎዳሉ፣ ምክንያቱም ወንዱ "የወንድ ልጅ ነገር ነው" ተብሎ ይታለፋል፣ ሴቷ ግን ራሷን እንደ አውሬ ነው የምታየው። ኃጢአቱ ለሁለታችሁም አንድ ነው፣ ምሕረቱም አንድ ነው። ንስሐ ስትገቢ ዝርዝር አትናገሪ፣ ካህኑም መጠየቅ የለባቸውም። እና አንድ ነገር፣ በልጅነትሽ ዘመድም ይሁን ጎረቤት ነካክቶሽ ከዚያ የጀመረ ከሆነ፣ እሱ ያደረገብሽ ያንቺ ኃጢአት አይደለም፣ አትናዘዢውም፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ። እሱን ለምታምኚው ሰውና ለባለሙያ ንገሪ።

ሴጋ የመታ ሰው በተክሊል ማግባት ይችላል? ዲያቆንስ?

የሚወስኑት የንስሐ አባትህ ናቸው፣ ለዲያቆን ደግሞ ከእሳቸው ጋር የሚመለከተው አባት፣ ምክንያቱም ተክሊል ለደናግል የሚፈጸም ሥርዓት ነው፣ ዲያቆንም ከጋብቻ በፊት ከሴት ጋር ከወደቀ ክህነቱን ያጣል፣ ስለዚህ ነገሩ በቀላሉ በጓደኛ ምክር የሚቆረጥ አይደለም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ካርድ ከተበተነ በኋላ አትምጣ። ቀደም ብለህ ተናገር። እንዲሁም "ከተክሊል ወጣሁ" ብለህ ራስህ ፈርደህ ወደ ባሰ ነገር አትግባ፣ "አንዴ ተበላሽቻለሁ" ብለው ሴት ጋ የሄዱ ልጆች አሉ።

ሳገባ ይተወኛል አይደል?

ለአንዳንዱ ይተወዋል፣ ለብዙው ግን ልማዱ ይዞት ቤቱ ድረስ ይመጣል፣ ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ ስልክ የሚያይ ባል አለ፣ እሷም ታውቃለች፣ ምንኛ እንደሚያማት። "በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላል" (1ኛ ቆሮ 7፥9) እውነት ነው፣ ግን ሚስት የሱስ መድኃኒት ልትሆን አልተፈጠረችም። ካገቡ በኋላ ደግሞ ባል ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይ ሁመራ ወርዶ ወራት ሲቆይ ሁለቱም ይፈተናሉ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ተስማምታችሁ ለጊዜው ካልሆነ አትለያዩ ያለው ለዚህ ነው፣ ከተቻለ መመላለስ፣ ካልተቻለ መደዋወል፣ ሁለቱም በንስሐ አባት ሥር መሆን።

እኛ አገር ሴት ልጅን ከዝሙት ለማዳን ቶሎ መዳር ነው የሚባለው። ክርስትናውስ ምን ይላል?

ይሄን ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ልጅ ሳለች የተዳረች ልጅ ከዝሙት አልዳነችም፣ ፈቅዳ ያልገባችበት ነገር ውስጥ ነው የተከተተችው፣ ጋብቻ ደግሞ በሁለቱ ፈቃድ የሚጸና ምሥጢር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት ብሎ ደንግጓል። ሰውነቷ ሳይጠና የወለደች ልጅ ምን እንደሚደርስባት ማየት የፈለገ ባሕር ዳር ያለውን የፊስቱላ ማዕከል በር ላይ ቆሞ ይመልከት። ንጽሕና እንደዚህ አይጠበቅም። ወንዶቹ ልጆቻችሁን ሴት እንዲያከብሩ አስተምሩ፣ ሴቷም ትምህርቷን ትጨርስ።

ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ምን ይላሉ?

ካቶሊኮች በ1992 (በፈረንጅ) የወጣው ትምህርተ ክርስቶሳቸው ቁጥር 2352 ላይ ከባድ የሥነ ምግባር ጥፋት ነው ይላሉ፣ ግን እዚያው ዕድሜ አለመብሰል፣ የልማድ ጉልበት፣ ጭንቀት የሰውየውን ተጠያቂነት ሊያቀለው ይችላል ብለው ይጨምራሉ፣ የኛም አባቶች ሲናዝዙ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ፕሮቴስታንቶች አንድ ድምፅ የላቸውም፣ ሉተርም ካልቪንም አጥብቀው ነቅፈውታል፣ ዛሬም አብዛኞቹ ኃጢአት ነው ይላሉ፣ ምኞትና ፖርን ከሌለበት ለኅሊና የተተወ ነው የሚሉ መምህራን ግን በተለይ ውጭ አገር አሉ። እኛ አብረን አንቆምም፣ ያለ ምኞት የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ማሳየት ከባድ ነው።

እናት ነኝ፣ የ13 ዓመት ልጄን አገኘሁት። ምን ላድርግ?

አይጩሁ፣ አይምቱት፣ ለአባቱና ለጎረቤት አያውሩበት እናቴ። አይቶ የነበረው ነገር ካለ ስልኩን ይያዙ፣ ከዚያ ረጋ ሲሉ፣ ሰውነቱ እየተለወጠ እንደሆነ፣ ስሜቱ ከእግዚአብሔር እንደሆነ፣ ጊዜና ቦታ እንዳለው ይንገሩት፣ ወይ አባቱ ወይ አጎቱ ይንገረው። ልጅ ዕድሜው ሲደርስ ንስሐ መግባትን ከዚህ ጋር ሳያያይዙ ያስለምዱት። አሁን የሰማው ስድብ 30 ዓመቱ ድረስ አብሮት ይኖራል።

የንስሐ አባት የለኝም። ከየት ልጀምር?

አቅራቢያህ ያለው ደብር ቅዳሴ ሲወጣ ጠብቅና አንዱን ካህን "አባቴ፣ የንስሐ ልጅዎ ልሁን?" በል፣ ሌላ መግቢያ አያስፈልገውም። ግቢ ውስጥ ከሆንክ የግቢ ጉባኤው አገልጋዮች የተማሪ ልብ የሚያውቁ አባት ያገናኙሃል። እሑድ ሰው ስለሚበዛ በአዘቦት ቀን፣ ከሰዓት፣ አባ ጊዜ ሲኖራቸው ቀጠሮ ያዝ። የምትናገረውን ወረቀት ላይ ጽፈህ ሂድ፣ ከጨረስክ በኋላ ወረቀቱን ቅደደው። ምን ልበል ካልክ "ይፍቱኝ አባቴ፣ ከዚህ በፊት ያልተናገርኩት ነገር አለ" ብለህ ጀምር፣ ቀሪውን እሳቸው ይረዱሃል።